በውኃ የሚሟሟ ኬሚካልና የሐይቅ ወለል ነዋሪዎች፦ ስጋቱን እንዴት እንገምግም?

(በሐዋሳ ለውኃ፣ ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች እንዲሁም ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፣

የአንድን ፀረ ተባይ ወይም የኢንዱስትሪ ኬሚካል የስጋት ግምገማ ሰነድ ያገላበጠ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ንጥረ ነገሩ በውኃ በሚገባ የሚሟሟ በመሆኑ በደለል ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት ስጋት አይሆንም»። ከዚህ በኋላ ስለ ደለል የሚያወራው ምዕራፍ ተዘግቶ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ይህ አባባል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግማሹ ብቻ እውነት የሚሆንበት፣ ፈጽሞ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ፤ የዛሬው ንግግሬ ሦስቱን ለይቶ ስለማወቅ ነው።

በመጀመሪያ አባባሉ ከየት እንደመጣ እንይ። ጨውና ቅቤ በአንድ ድስት ውኃ ውስጥ ቢጨመሩ ጨው ከውኃው ጋር ይዋሐዳል፣ ቅቤ ግን ውኃውን ሸሽቶ እንደ እርሱ ቅባትነት ያለው ነገር ላይ ይጠጋል። ኬሚካሎችም በዚሁ ጠባያቸው ይለያያሉ፤ ጠባዩን በቁጥር የምንገልጸው ንጥረ ነገሩ ኦክታኖል በተባለ አልኮልና በውኃ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል በመለካት ነው። የዚህ ክፍፍል ሎጋሪዝም 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ኬሚካሉ በደለል ውስጥ ባለው ብስባሽ ላይ እንደሚጣበቅ ይታሰባልና በአውሮፓ የኬሚካል ምዝገባ ሥርዓት የደለል ፍጥረታት ጉዳይ እንዲታይ ይጠየቃል። ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው አይነሣም። በተመሳሳይ መልኩ የኦርጋኒክ ካርቦን ክፍፍል መጠኑ፣ ማለትም በብስባሹ ካርቦንና በውኃው መካከል የሚከፋፈልበት ልክ፣ በኪሎ ግራም ከ500 ሊትር በታች የሆነ ንጥረ ነገር ደለል ላይ የመከማቸት ዕድሉ አነስተኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ሥራን ለማቅለል ይህ ዓይነት ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ የምዝገባ ክፍል ባልደረቦቻችን ጠረጴዛ ላይ የሚቆለለውን ሰነድ የሚያውቅ ሰው አይቃወመውም። ነገር ግን ማጣሪያው የሚመልሰው «ኬሚካሉ ጭቃ ላይ ይጣበቃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። እኛ የምንፈልገው መልስ «ጭቃ ውስጥ የምትኖረው ፍጥረት ትጎዳለች ወይ?» ለሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ለማየት ወደ ፍጥረቷ ኑሮ መውረድ ይገባል።

በሐይቃችን ዳርቻ ወደ ማታ መብራት ሲበራ የሚርመሰመሱትንና ቢንቢ የሚመስሉትን፣ ነገር ግን የማይናከሱትን ጥቃቅን ነፍሳት ታውቋቸዋላችሁ። ቺሮኖሚድ የሚባሉት ናቸው። በክንፍ የሚቆዩት ለጥቂት ቀናት ሲሆን ከዚያ በፊት ያለውን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ በእጭነት ነው። የብዙዎቹ ዝርያዎች እጭ ቀይ ነው፤ ቅላቱም እንደ እኛ ደም ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው። ብስባሽ በበዛበት ደለል ኦክስጅን ከወለሉ በታች በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ያልቃልና እጯ ይህን የኦክስጅን መያዣ ይዛ ባትፈጠር ኖሮ እዚያ መኖር ባልቻለች ነበር። ሄሞግሎቢን ብቻውንም አይበቃትም። ከአፏ በምታወጣው ሐር መሳይ ክር የጭቃ ቅንጣቶችን እያጣበቀች በሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ ትሠራለች፤ በቱቦው ውስጥ ሆና ሰውነቷን እንደ ማዕበል እያወዛወዘች ከላይ ያለውን ውኃ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ የተጠቀመችበትን ውኃ በሌላው በኩል ትገፋለች።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለግምገማችን ወሳኝ ነው። እጯ የምትኖረው ጭቃ ውስጥ ቢሆንም ሰውነቷን ቀኑን ሙሉ የሚያጥባት ከጭቃው በላይ ያለው ውኃ ነው። ስለዚህ ውኃው ላይ ያለ የሚሟሟ ኬሚካል ጭቃ ላይ መጣበቅ ሳያስፈልገው ቤቷ ድረስ ይገባል፤ ይዛው የምትገባውም ራሷ ናት። በተጨማሪ ይህ የውኃ ሳቢነት ሥራዋ ኬሚካሉን በዝግታ ከመስረግ ይልቅ በፍጥነት ወደ ጥልቀቱ ያወርደዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ እጮች በአንድ ካሬ ሜትር ባሉበት ወለል የደለሉ የላይኛው ክፍል እንደ ተበሳ ወንፊት መሆኑን ማሰብ ነው። ከዚህ የተለየ ኑሮ ያላቸውም አሉ። ሉምብሪኩለስ የተባለው ትል ጭንቅላቱን ወደ ታች ቀብሮ፣ ጅራቱን ለመተንፈስ ወደ ላይ አውጥቶ፣ ከወለሉ በታች ያለውን ጭቃ እየዋጠ ይኖራል። ለእርሱ ዋናው የመጋለጫ መንገድ ደለሉና በደለሉ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውኃ ነው። በአንድ ጭቃ ውስጥ ጎረቤት ሆነው የሚኖሩ ሁለት ፍጥረታት አንድን ኬሚካል በሁለት በር ይቀበሉታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልምጣ፤ ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ። አንድ ሊትር እርጥብ ደለል እንውሰድ፤ ከይዘቱ 80 በመቶው ውኃ፣ 20 በመቶው ጠጣር ቅንጣት ይሁን። ይህ ማለት 0.8 ሊትር ውኃና ወደ ግማሽ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ደረቅ ቅንጣት ማለት ነው። ከቅንጣቱ 2 በመቶው ኦርጋኒክ ካርቦን፣ የኬሚካሉ የካርቦን ክፍፍል መጠን ደግሞ 200 ቢሆን፣ ማለትም በማጣሪያው «አይጣበቅም» የተባለ ቢሆን፣ የደለሉና የውኃው ክፍፍል 4 ይሆናል። በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ውኃ ውስጥ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ኬሚካል ሲኖር፣ በአንዷ ሊትር ደለል ውስጥ 0.8 ማይክሮ ግራም በውኃው፣ 2 ማይክሮ ግራም በቅንጣቶቹ ላይ ይገኛል። አይጣበቅም ያልነው ኬሚካል እንኳ ደለል ውስጥ ከገባው መጠን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ቅንጣት ላይ ተቀምጧል። ከላይ ያለው ውኃ ሲጠራ ይህ ተቀማጭ ቀስ እያለ ተመልሶ ይለቀቃል።

ሒሳቡን አንድ እርምጃ እንግፋው። የሐዋሳ ሐይቅ አማካይ ጥልቀት ወደ 11 ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ 11,000 ሊትር ውኃ አለ ማለት ነው፤ ይህም ውኃ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ቢይዝ 11,000 ማይክሮ ግራም ይሆናል። የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ደለል ብንወስድ 50 ሊትር ይሆናል፤ ከላይ ባገኘነው 2.8 ብናባዛው 140 ማይክሮ ግራም ይይዛል። በውኃው ውስጥ 11,000፣ በደለሉ 140፤ የደለሉ ድርሻ ከ1.3 በመቶ አይበልጥም። በዚህ ስሌት «ስጋት የለም» ያለው ሰነድ ትክክል ይመስላል። ይኸው ኬሚካል ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው የጨለለቃ ረግረግ ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ ሲገባስ? ውኃው 500 ሊትር፣ ደለሉ ያው 140። የደለሉ ድርሻ ወደ 22 በመቶ ያድጋል።

ይህን ያህል የዘገየሁበት ምክንያት አለኝ። በአውሮፓ ለፀረ ተባዮች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ የደለል ፍጥረት ሙከራ እንዲደረግ የሚጠይቀው፣ በውኃና ደለል ሙከራ በ14ኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ከተጨመረው መጠን ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነው በደለሉ ውስጥ ሲገኝና ኬሚካሉ ዳፍኒያ በተባለች ደቃቅ የውኃ ፍጥረት ላይ በረጅም ጊዜ ሙከራ የማይጎዳበት መጠን በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ነበር። ነገር ግን 10 በመቶ የኬሚካሉ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የቦታው ጥልቀትም ጠባይ ነው። አንድ ንጥረ ነገር በ11 ሜትር ላይ «የውኃ ኬሚካል»፣ በግማሽ ሜትር ላይ «የደለል ኬሚካል» ይሆናል። ማሳዎች የሚዋሰኑት ከሐይቁ መሐል ጋር እንዳልሆነ እዚህ ላለነው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት ጅረቶች መጀመሪያ የሚያገኙት ጥልቀት የሌለውን ረግረግ ነው፤ ከዚያ በጥቁር ውኃ ወንዝ አድርገው ወደ ሐይቁ ይገባሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ስለ ጨውና ቅቤ የተናገርሁት ሙል ለሌላቸው ኬሚካሎች ይሠራል። ፓራኳት የተባለውን ፀረ አረም እንይ። ራሱ ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ከ600 ግራም በላይ ይሟሟል፤ የኦክታኖል ክፍፍሉ ሎጋሪዝም ከዜሮ እጅግ በታች ነው። በማጣሪያው ስሌት ደለልን ዞር ብሎ የማያይ ኬሚካል መሆን ነበረበት። በተግባር ግን አዎንታዊ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ያላቸው የሸክላ አፈር ቅንጣቶች አጥብቀው ይይዙትና ከአፈሩ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ግላይፎሴት የተባለው ሌላ ፀረ አረምም በውኃ በሊትር ከ10 ግራም በላይ የሚሟሟ ሆኖ ሳለ ከብረትና ከአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ጋር ይቆራኛል፤ ፎስፌት በበዛበት ቦታ ደግሞ ሁለቱ ለአንድ መያዣ ይሻማሉና ልቅቅ ሊል ይችላል። ከማሳ ወጥተን ወደ ከተማ ስንመጣ በሆስፒታሎች፣ በሆቴሎችና በልብስ ማጠቢያዎች የሚፈሰው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድና መሰሎቹ የጀርም ማጥፊያዎች አሉ፤ እነርሱም አዎንታዊ ሙል ያላቸው፣ በውኃ የሚሟሙ፣ ነገር ግን ጭቃ የሚወዱ ናቸው። በአንጻሩ ሁላችንም ቤት ያለው በረኪና በውኃ ይሟሟል፣ መርዛማም ነው፤ ሆኖም ካገኘው ብስባሽ ጋር ሁሉ ፈጥኖ ስለሚዋሐድና ስለሚጠፋ ደለል ውስጥ አብሮ አይሰነብትም። እነዚህን ሁሉ «የሚሟሟ» በሚል አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ምንም አይነግረንም። ሙል ላለው ንጥረ ነገር ከኦክታኖል ቁጥር ተነሥቶ የተሰላ የክፍፍል መጠን ያለበት ሰነድ ሲቀርብላችሁ፣ በእኔ እምነት በአካባቢው ዓይነት ሸክላ አፈር ላይ የተለካ ቁጥር እንዲመጣ ጠይቃችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

በደለል ቅንጣት ላይ አጥብቆ የተያዘ ነገር ለፍጥረቷ የማይደርስ መሆኑም አይዘንጋ። ፓራኳት በደለል ውስጥ ብዙ መገኘቱ ብቻውን ጉዳትን አያረጋግጥም። እዚህ ላይ ጠቅላላውን መጠን ለክቶ መደንገጥ፣ ሳይለኩ ከማለፍ የማይሻል ስህተት ነው።

ሦስተኛው ነገር ሙከራው በማን ላይ ተደረገ የሚለው ነው፤ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያስከፈለን ይህ ይመስለኛል። ኢሚዳክሎፕሪድ የኒዮኒኮቲኖይድ ቤተሰብ የሆነ ፀረ ነፍሳት ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 600 ሚሊ ግራም ያህል ይሟሟል፤ የኦክታኖል ክፍፍሉ ሎጋሪዝም 0.57 ነው። የክፍፍል መጠኑም ቅድም ለስሌት ከወሰድነው 200 ብዙ አይርቅም። የውኃ ውስጥ ፍጥረታትን ወክላ በየቤተ ሙከራው የምትፈተነው ዳፍኒያ በ48 ሰዓት ሙከራ ግማሿ የምትጎዳው በሊትር 85 ሚሊ ግራም ያህል ሲደርስ ነው። ይህን ብቻ ያየ ገምጋሚ ኬሚካሉን ለውኃ ፍጥረታት የዋህ ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። የቺሮኖሚድ እጮች ግን በ28 ቀን ሙከራ በሊትር በጥቂት ማይክሮ ግራም ይጎዳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው፤ በእርግጥ አንዱ የ2 ቀን ሌላው የ28 ቀን ሙከራ ነው፤ የጊዜው ልዩነት ግን ይህን ክፍተት አይሞላውም። ኬሚካሉ የተሠራው የነፍሳትን ነርቭ ተቀባይ እንዲይዝ ነው፤ ዳፍኒያ ክራስታሲያን እንጂ ነፍሳት አይደለችም። ከተያዘ በኋላም በቀላሉ ስለማይለቅ በየጊዜው የሚመጣ ትንሽ ትንሽ መጠን ይደራረባል። በጠራና ፀሐይ በሚያገኘው ውኃ ኢሚዳክሎፕሪድ በብርሃን ፈጥኖ ይፈርሳል፤ ብርሃን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ያ ዕድል የለም። የአውሮፓ ኅብረት ይህንንና ሁለት ዘመዶቹን እ.ኤ.አ. በ2018 ከቤት ውጭ በማሳ ላይ እንዳይውሉ የከለከለው በዋናነት በንቦች ምክንያት ቢሆንም፣ የጭቃው እጮች ጉዳይም በእኔ እምነት ትኩረት የሚገባው ነው።

ታዲያ ሙከራው እንዴት ይሠራ? የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ለቺሮኖሚድ ሁለት መመሪያዎችን አውጥቷል፤ 218 እና 219 በሚባሉ ቁጥሮች ይታወቃሉ። ሁለቱም በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከአሸዋ፣ ከካኦሊን ሸክላና ፒት ከሚባል የረግረግ ብስባሽ የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ ደለልን ከሥር፣ አራት እጥፍ ያህል ውኃን ከላይ አድርገው፣ እጮቹ አድገው ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ድረስ ለ28 ቀን ያህል ይከታተላሉ። ልዩነታቸው ኬሚካሉ የሚጨመርበት ቦታ ላይ ነው። በ218 ኬሚካሉ አስቀድሞ ደለሉ ውስጥ ይለወሳል። በ219 ግን ገና የተፈለፈሉት እጮች መጀመሪያ ይገባሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተረጋግተው ቱቦ መሥራት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ኬሚካሉ ከላይ ባለው ውኃ ላይ ይጨመራል። ከማሳ በዝናብ ታጥቦ ወይም በነፋስ ተንሳፍፎ ውኃ ላይ ለሚያርፍ የሚሟሟ ኬሚካል ሁኔታው የሚመስለው ሁለተኛውን ነው።

የሚሟሟ ኬሚካል በ218 መንገድ ሲፈተን የሚፈጠረውን ችግር በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ለአንድ ነገር ሥራው ይቀላል፤ ኬሚካሉን ለማሟሟት አሴቶን አያስፈልግም፣ በውኃ በጥብጦ ደለሉ ላይ ማዋሐድ ይበቃል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ንጹሕ ውኃ ከላይ እንደተጨመረ ኬሚካሉ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ እጮቹ እስኪገቡ ድረስ በደለሉ ውስጥ የቀረው ከታቀደው እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ውኃው በየጊዜው የሚቀየር ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ቅያሪ ኬሚካሉ አብሮ ይደፋል። ሪፖርቱ ላይ «በኪሎ ግራም ደለል 10 ሚሊ ግራም ምንም ጉዳት አላሳየም» ተብሎ ሲጻፍ፣ ቁጥሩ በመጀመሪያው ቀን የተለወሰውን እንጂ እጮቹ የኖሩበትን አይገልጽም። ስለዚህ ከላይ ያለው ውኃ፣ ደለሉና በቅንጣቶች መካከል ያለው ውኃ ሦስቱም ቢያንስ በመጀመሪያና በመጨረሻ መለካት አለባቸው። የቅንጣቶቹን ውኃ ለመለየት መመሪያው የሚጠቁመው በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ በ10,000 የስበት እጥፍ በሴንትሪፉጅ ማሽከርከርን ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በሁሉም ቤተ ሙከራ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ባይገኝ እንኳ ከላይ ያለውን ውኃ በየጊዜው መለካት ከመገመት ይሻላል፤ ለሚሟሟ ኬሚካል ደግሞ ይህ ልኬት ከሁሉም የበለጠ ይናገራል።

ሙከራ በሌለበት ጊዜ የሚወሰደው አቋራጭ የውኃውን የደኅንነት መጠን በክፍፍል ቁጥሩ አባዝቶ የደለል የደኅንነት መጠን ማውጣት ነው። ይህን ስናደርግ በደለል ውስጥ ይኖራል ተብሎ የሚገመተውንም መጠን በዚያው ክፍፍል ቁጥር ካሰላነው፣ ሁለቱ ሲካፈሉ ክፍፍሉ ይጣፋና የውኃው የስጋት ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። ይህ ምንም አዲስ መረጃ አልጨመረም። የውኃው ግምገማ በዳፍኒያ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ጉድለቱም አብሮ ወደ ደለሉ ተሻገረ ማለት ነው። በእውነተኛ የደለል ሙከራ ላይ ስንመሠረት ደግሞ አንድ የረጅም ጊዜ ሙከራ ካለ ውጤቱ ለ100፣ የተለያየ አኗኗርና አመጋገብ ባላቸው ሁለት ዝርያዎች ላይ ከሆነ ለ50፣ በሦስት ላይ ከሆነ ለ10 ይካፈላል። አካፋዩ እንዲህ የሚወርደው በሁለት በር ስለሚጋለጡት ጎረቤቶች ቀደም ብዬ የተናገርሁት ነገር ስለሚታወቅ ነው።

ለሁሉም የሚሟሟ ኬሚካል የ28 ቀን ሙከራ ይጠየቅ እያልሁ አይደለም። ሙል የሌለው፣ በውኃም በደለልም በቀናት ውስጥ የሚፈርስ፣ የነፍሳትን አካል ለመጉዳት ያልተሠራ ንጥረ ነገር ከሆነ፣ በውኃ ላይ የተደረገው ግምገማ የደለሉንም ይሸፍናል፤ ገንዘቡን ለሌላ ማዋል ይበጃል። ፀረ ነፍሳት ከሆነ ግን ዳፍኒያ ላይ ምንም ቢል የቺሮኖሚድ ውጤት ሳይኖር ደለሉን መዝጋት አይገባም፤ በእነዚሁ እጮች ላይ የሚደረገው የ48 ሰዓት አጭር ሙከራ እንኳ መኖሩ ከባዶ ይሻላል። በአገራችን ፀረ ተባይ ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲመዘገብ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለና ጥያቄውን የምናቀርብበት ቦታ አለን።

ሐዋሳ ላይ ይህ የሚከብድበት ሌላ ምክንያት ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። በወንዝ ላይ የሚሟሟ ኬሚካል በሰዓታት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። እዚህ ግን በጥቁር ውኃ የገባ የማይፈርስ ነገር ውኃው ሲተን ይቀራል፤ የመጋለጫው ጊዜ በሰዓት ሳይሆን በወራት መቆጠር አለበት። ናሙና የሚወሰድ ከሆነ የእኔ ምርጫ የወንዙ መግቢያና የረግረጉ ዳር ነው፤ ጊዜውም የበልግና የክረምት የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ከጣሉ በኋላ ባሉት ቀናት። ደለል ብቻ ተይዞ ከተመጣ፣ ከላይ ያለው ውኃ በዚያው ሰዓት ካልተቀዳ፣ የሚሟሟ ኬሚካልን በተመለከተ ከውጤቱ ብዙ ማንበብ አይቻልም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ማስፈር ተገቢ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ይህን አለመጠየቅ አይቻልምና። «ታዲያ ከአሞራ ገደል የምንገዛው ዓሣ ምን ይሆናል?» የሚል ነበር። በዛሬው ንግግር ያነሣኋቸው ዓይነት ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው በዓሣ ሥጋና ስብ ውስጥ የሚከማቹ አይደሉም፤ በዚህ ረገድ የሚያሳስቡት እንደ ዲዲቲ ያሉት ቅባት ወዳዶች ናቸው። የሚሟሟው ፀረ ነፍሳት ወደ ዓሣው የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። አምባዛ የሐይቁን ወለል እየዳሰሰ ከሚበላቸው ነገሮች መካከል የነፍሳት እጭ አለበት፤ የቆሮሶ ጫጩቶችም በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ደቃቅ ፍጥረታትን እየለቀሙ ያድጋሉ። እጮቹ ከሳሱ ዓሣው በኬሚካል ሳይመረዝ የሚበላው ያጣል፤ ዓሣውን ቤተ ሙከራ ወስደን ብንመረምረው ምንም አናገኝበትም።